ሦስት አርብ ያልወጣ ጫማ

«ስንት አርብ ወጥቷል?» አሉ አያ ይስማው።

ቀኝ እጃቸው ነጩ ስኒከር ውስጥ እስከ አንጓው ገብቷል። ጣቶቻቸው የውስጡን ስፌት እየዳበሱ ከተረከዙ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ተረከዙ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሦስት» አለች ዮርዳኖስ።

ፀደይ ከአያቷ ጎን እንደተንበረከከች ቀና ብላ ጓደኛዋን አየቻት። ጫማው ከባሕር ዳር በአውቶቡስ የመጣው ከትናንት ወዲያ፣ ሰኞ ነው። የላከው የዮርዳኖስ ወንድም ነው። ካርቶኑን አብረው ከፍተው፣ የታጨቀበትን ወረቀት አብረው አውጥተው፣ አዲስ አዲስ የሚለውን ሽታ በየተራ አሽትተውታል። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው።

በእነሱ መንደር ለገና ላሊበላ በእግሩ የሚሄድ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። ሦስት አርብ፣ አርብ ገበያ ደርሶ ያልተመለሰ ጫማ መንገድ አይወጣም። ደርሶ መልሱ አራት ሰዓት ያስኬዳል። ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ስፌቱ ይተኛል፤ የሚነክስ ጫማ ከሆነም አመሉን አገር ቤት ሳሉ ያሳያል። ሕጉን ያወጡት አያ ይስማው ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መንገደኛውን የመሩትም እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። ጠዋት ሃያ ሦስቱ መንገደኞች ግቢያቸው ሲሰበሰቡ እጃቸውን የልጅ ልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉና «ዘንድሮ እኔ እጅ ነኝ፤ ዓይኔ ይቺ ናት። እሷ ያየችውን እኔ አየሁት በሉ» አሉ። ፀደይ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ያን ስትሰማ አንገቷ አንድ ስንዝር የረዘመ መሰላት። በዚያ ላይ የደብሩን ጧፍ የምትሸከመው እሷ ናት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጧፍ ይዞ ላሊበላ መግባት በዓመት ለአንድ ሰው ብቻ ይደርሳል፤ እናቷ እንኳ ሦስት ጊዜ ሄዳ አንድም ጊዜ አልደረሳትም።

«ፀደይ» አሉ አያቷ። «ይሄ ስፌት ገና ጠንካራ ነው። ስትሄድበት አይተሻታል?»

ዮርዳኖስ በአንድ እግሯ እንደቆመች ፀደይን ትለምናለች፤ በአፏ ሳይሆን በዓይኗ። ሌላ ጫማ የላትም፤ የድሮው ሶሉ ተገንጥሏል። ክረምት እናቷ ታመው ሐኪም ቤት ሲተኙ «እናቴን አድንልኝ፤ ለገና በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተስላለች። እናቷ ድነው ይኸው አጥሩ ጥግ ቆመው ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

«አዎ፣ አባባ» አለች ፀደይ። «አይቻታለሁ።»

«እንግዲያው ይሁን።» እጃቸውን ከጫማው አወጡና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ጫማው ሁሉ ከታየ በኋላ አያ ይስማው ትንሽ ጣሳ አወጡ። ውስጡ ቀልጦ የረጋ የበግ ስብ አለ። ሁሉም እየቆነጠረ ተረከዙንና የጣቶቹን መሀል ይቀባል፤ ከዚያ ካልሲውን ገልብጦ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ ያጠልቃል። ቆዳ ከጨርቅ ጋር ሳይጣላ እንዲውል ነው።

«እኔ አልቀባም» አለች ዮርዳኖስ። «ፆም ነው። ስለት ይዤ እንዴት የፍስክ ነገር እነካለሁ?»

«ኧረ በእግርሽ አትበዪው!» አለ ምስጋናው ከኋላ። ምስጋናው አርብ ገበያ ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ ነው። ጀርባው ላይ ያዘለው ቦርሳ ከራሱ ይበልጣል።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየቀቡ ነበር። ሰባኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ የሚጫሙት ኮንጎ ጫማ በየጎኑ መስኮት መስኮት አለው። ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ልጄ፣ እኔ የመነኮስኩ ሰው ነኝ። እግሬን ግን አላመነኮስኩትም። ነይ ተቀቢ።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ዮርዳኖስ ግን ራሷን ነቀነቀች። ደረቅ ተረከዟን በቀጭን የናይለን ካልሲ ሸፍና ነጩን ጫማ አሰረች።

*

በመጀመሪያው ቀን ማምሻ ንፋስ መውጫ ደረሱ። እንግዳ የሚቀበል አንድ ዘመድ ቤት አረፉና የእግር ማየቱ ሥራ ተጀመረ። ለብ ያለ የጨው ውኃ በሣፋ ቀረበ። ሰው በየተራ እግሩን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ወደ ፀደይ ይዘረጋል። ፀደይ በሞባይሏ መብራት ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ የጣቶቹን መሀል ታይና ለአያቷ ትጠራለች። ቃሉ አራት ነው። «ደህና» ከተባለ ሰውየው ይነሳል። «ቀላ» ከተባለ አያ ይስማው ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ይጠመጥሙለታል። «ውኃ ቋጠረ» ከተባለ ሸክሙ በማግስቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ጫማውም በክፍት ሰንደል ይለወጣል። አራተኛው «ተላጠ» ነው። ያን ጊዜ ከሚቀጥለው ከተማ መኪና ላይ ይሳፈራል።

አራተኛው ቃል የመጣው ደምሌ በሚባል መንገደኛ ምክንያት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቁስሉን ደብቆ ሲሄድ እግሩ አብጦ ወደቀ። ዐሥር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞት ሲመለስ ገና አለፋቸው። አያ ይስማው ይሄን ሲያወሩ ሁልጊዜ «በሱ አልፈርድም። አላየሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ።

«እማሆይ፣ ደህና!» አለች ፀደይ።

«ደህናማ ነው! አሮጌ ቆዳ ማን ይደፍረዋል?» እማሆይ እግራቸውን እንደ ሙሽራ ሰበሰቡ።

የዮርዳኖስ ቀኝ ተረከዝ ቀልቶ ነበር። ፀደይ «ቀላ» አለች፤ አያቷም ጠመጠሙላት። የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለፈ።

በሁለተኛው ቀን ደብረ ዘቢጥ ሲያርፉ ግን ፀደይ መብራቷን አብርታ ደነገጠች። ተረከዙ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ውኃ ቋጥሯል።

«እንዳትዪ» አለች ዮርዳኖስ በሹክሹክታ። «ፀዲዬ ሙች፣ እንዳትዪ። ይሄን ካልሽ ጫማውን ይጠይቃሉ። ሦስት አርብ አለመውጣቱ ይታወቃል። ሼም ነው። ደግሞ ነገ መኪና ላይ ይጭኑኛል።»

ፀደይ ጣሳውን ታቅፈው ወደሚጠብቁት አያቷ አየች። ጫማው ሲጠየቅ የሚጠየቀው የዮርዳኖስ ውሸት ብቻ አይደለም። «አይቻታለሁ» ያለው አፍ የእሷ ነው።

«ቀላ» አለች ፀደይ።

አያ ይስማው የጨርቁን ጫፍ ዘረጉላት። «አንቺው ጠምጥሚላት፤ እጅሽ ተክኗል» አሉ። ፀደይ ጠመጠመች።

*

ሦስተኛው ቀን የመቄት ነፋስ ነው። ሜዳው ላይ መከለያ የለም፤ ጋቢ የለበሰውን ሰው ሁሉ እንደ ጃንጥላ ይገለብጠዋል። ዮርዳኖስ በመጀመሪያ በእግሯ ጠርዝ ሄደች። ቀጥሎ በጣቶቿ። ረፋዱ ላይ ፀደይ ጓዟን ተቀበለቻት። በአንድ ትከሻዋ ጧፉን፣ በሌላው የዮርዳኖስን በሶና ብርድ ልብስ ይዛ ስትሄድ ምስጋናው ከኋላ ደረሰባቸው።

«ዮርዲ፣ ባጃጅ ልጥራልሽ?»

«አቦ ሙድ አትያዝብኝ!»

«ሙድ አይደለም። በዚህ አካሄድሽ እኛ ለጥምቀት ነው የምንደርሰው።»

ዮርዳኖስ ልትመልስለት ዞር ስትል በቀኝ ተረከዟ ረገጠች። ከንፈሯን ነከሰች። ፀደይ ቁልቁል ስታይ ነጩ ጫማ ተረከዙ ላይ ሮዝ ሆኗል።

«ዮርዲ፣ ደም ነው።»

«አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ሂጂ።» ዮርዳኖስ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፤ እንባዋን ነፋሱ እንዲያደርቅላት ይመስል። «እናቴ የዳነችው በነፃ ነው እንዴ? ይቺ ምን አላት?»

ፍላቂት እስኪደርሱ ድረስ አንድ ነገር በፀደይ ጭንቅላት ተመላለሰ። ትናንት «ውኃ ቋጠረ» ብትል ኖሮ ዮርዳኖስ ጫማዋን ብቻ ነበር የምታጣው። ሸክሟን ለሌላ ሰጥታ፣ በክፍት ሰንደል፣ ዛሬም በእግሯ ትሄድ ነበር።

ፍላቂት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አረፉ። ፀሐይ አልጠለቀችም። ሣፋው ቀረበ፤ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። አያ ይስማው ግን ከመጀመራቸው በፊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እስቲ አንድ ነገር ልበል» አሉ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሄጃለሁ። እስከ ሦስተኛው ቀን አንድም እግር ውኃ ሳይቋጥር የቀረበት ዓመት አላውቅም። ዘንድሮ ግን የቋጠረ የለም። ዓይኔ ሲጠፋ በቃ ቤት ልቀመጥ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ግን ከኔ ዓይን የተሻለ ዓይን ሰጠኝ።»

ሰው አጨበጨበ። እማሆይ እልል አሉ። ምስጋናው እንኳ «ፀዲ ትለያለች!» ብሎ ጮኸ። ፀደይ ያን ያህል ሰው ሲያጨበጭብላት የመጀመሪያዋ ነው፤ እንደዚያ ቀን ጉድጓድ ቆፍራ መግባት አምሯት አያውቅም።

እግሮቹ መጡ። ደህና። ደህና። ቀላ። ደህና። ዮርዳኖስ መጨረሻ ላይ መጣች። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በውኃ አርሰው አወለቁት። ቆዳው ተገፎ ሥጋው ይታያል። ዮርዳኖስ አልለመነችም፤ ዓይኗን ብቻ ጨፈነች።

«እሺ?» አሉ አያ ይስማው። «የዮርዳኖስስ?»

ፀደይ መብራቱን አጠፋችው።

«ተላጠ፣ አባባ» አለች። ድምጿን ጨምራ ደገመችው። «ተልጧል። ትናንትም ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ቀላ ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማውም አንድም አርብ አልወጣም። አላየኋትም። አይቻታለሁ ብዬ ዋሽቼዎታለሁ።»

አያ ይስማው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ሰደው የዮርዳኖስን እግር ፈለጉ፤ ቁርጭምጭሚቷን ያዙና ቁስሉን ሳይነኩ ዙሪያውን በእጃቸው ጀርባ አዳመጡ።

«አልጋለም» አሉ። «ገና ነው። በጨው ውኃ ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ነገ ጋሸና በመኪና ትሄዳለች።»

«አያ ይስማው፣ ስለቴስ?» ዮርዳኖስ ያን ጊዜ አለቀሰች።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ተነስተው አጠገቧ ተቀመጡ። «መሀሉን ለኔ ተይው። እኔ እሄድልሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሁለት ሰው መንገድ ከሄድኩ ደግሞ እግሬ ይኮራል። የመጨረሻውን ቀን ከዳንሽ ራስሽ ትሄጅበታለሽ።»

ምስጋናው አፈር አፈሩን እያየ «ጋሸና እህቴ አለች» አለ። «ደውዬ እነግራታለሁ። ትቀበልሻለች።» ስለ ባጃጅ አላነሳም።

ፀደይ ተነስታ ሞባይሏን በአያቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። «ማየቱን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለች።

አያ ይስማው ሞባይሉን በእጃቸው አገላበጡት።

«ደምሌ የወደቀብኝ ስላላየሁ ነው» አሉ። «ዛሬ ግን አየሁ። ዘግይቼ ነው፤ ግን አየሁ።» ሞባይሉን መልሰው ዘረጉላት። «ያልታየ እግር የቀረ አለ?»

«አለ» አለች ፀደይ። «የእርስዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

*

ዮርዳኖስ በማግስቱ ስትሳፈር ፀደይን አልተሰናበተቻትም። መንገደኞቹ ያን ቀን ማምሻ ጋሸና ሲደርሱ ፀደይ ወደ ምስጋናው እህት ቤት ሄደች። ዮርዳኖስ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ፀደይ የራሷን ትርፍ የጥጥ ካልሲ አጥፋ ራስጌዋ አስቀመጠችና ወጣች።

አምስተኛው ቀን ቁልቁለት ነው። አያ ይስማው ገና ሳይነሱ «ቁልቁለት ላይ ማሰሪያ ይጠብቃል፤ ካልጠበቀ ጣት ወደ ፊት ሄዶ ጫማውን ይደበድባል» ብለው ነበር። ፀደይ ለሌላው ሁሉ ጎንበስ እያለች ማሰሪያ ስታይ የራሷን ረሳችው። ከሰዓት በኋላ የግራ ትንሿ ጣቷ መሞቅ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ እያንዳንዱ እርምጃ ተሰማት።

ቁልመስክ መግቢያ ላይ አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ለፀሐይ ዘርግታ ትጠብቃለች። ተረከዟ ኋላው ክፍት በሆነ ሰንደል ውስጥ ነው። የፀደይን የጥጥ ካልሲ ተረከዙን ቆርጣ አጥልቃዋለች።

«ካልሲሽን ቀደድኩብሽ» አለች ዮርዳኖስ።

«አየሁት።»

«ተናድጄብሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ዮርዳኖስ ወደ ሰንደሏ አየች። «ደርቋል። የምስጋናው እህት ሰንደሏን አውሳኝ መኪና ላይ ከማሳፈሯ በፊት ስብ ትቀቢያለሽ ስትለኝ ዝም ብዬ እግሬን ሰጠኋት። እማሆይ እንዳይሰሙ፤ መሳቂያ ያደርጉኛል።» ሁለቱም ሳቁ። ሲነሱ ዮርዳኖስ የፀደይን ክንድ ያዘች።

ማምሻ እግር ሲታይ ፀደይ የዮርዳኖስን ተረከዝ ከማንም አብልጣ አየችው። «ላዩ ደርቋል፣ አባባ። ዙሪያው ግን አሁንም ቀልቷል» አለች። አያ ይስማው አሰቡና «በሰንደል፣ ያለ ሸክም፣ ቀስ ብላ ትሂድ» ሲሉ ዮርዳኖስ መሬቱን ሳመች።

እግሩ ሁሉ አለቀ። አያ ይስማው ጣሳቸውን ሊከድኑ ሲሉ እንደ ወትሯቸው «ያንቺስ?» አሉ።

አራት ቀን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልሷ «ደህና» ነበር፤ እውነትም ደህና ነበር። አሁን ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። የሚያያት አልነበረም። ሰው ሁሉ በሶውን እየበጠበጠ ያወራል። መብራቱን አበራች። ትንሿ ጣቷ ላይ፣ ጥፍሯ ሥር፣ አተር የምታህል ውኃ ተቋጥራለች።

ጧፉ ጉልበቷ አጠገብ ነው። ነጭ ጨርቁ የአምስት ቀን አቧራ ጠጥቷል። ምስጋናው ነገ ላሊበላ ሲገቡ ቪዲዮ አነሳሻለሁ ብሏታል፤ እናቷም ታየዋለች። የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ደግሞ የአተር ፍሬ እንኳ አታህልም ብትል ማን ይከራከራታል? እሷ ያየችውን እሳቸው አዩት ማለት ነው።

ፀደይ ቀና አለች።

«ውኃ ቋጠረ፣ አባባ» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የግራ ትንሿ ጣት። ቁልቁለቱ ላይ ማሰሪያዬን አላጠበቅኩም።»

ዮርዳኖስ ጧፉን አየችና «ፀዲ!» አለች።

የአያ ይስማው ፊት ቀስ እያለ ፈካ፤ ፀሐይ የዞረበት ግድግዳ መሰለ። «ሰማችሁ?» አሉ ለተቀመጠው ሁሉ። ከዚያ «ጧፉ ለማን ይሁን?» ብለው ጠየቁ።

«አምስቱንም ቀን ደህና የተባለ ሰው አንድ ነው» አለች ፀደይ።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል መስኮት መስኮት ያለውን ኮንጎ ጫማቸውን ወደ ፊት ዘረጉት። «እኔማ ስሜ እስኪጠራ እየጠበቅኩ ነው!» አሉና በሁለት እጃቸው ጧፉን ተቀብለው ሳሙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀደይ ትንሿን ጣቷን በነጠላ ቅዳጅ ጠምጥማ፣ በአያቷ ክፍት ሰንደል ግቢው በር ላይ ቆመች። ሰንደሉ ይሰፋታል፤ ማሰሪያውም ላልቷል። ትከሻዋ ባዶ ነው፤ እጆቿም። አያ ይስማው በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው በሌላው አየሩን ዳበሱ። ፀደይ እጃቸውን ያዘችው።

«ፊት ፊት ሂጂ» አሉ። «መንገዱ ምን ይመስላል?»

ፀደይ አየች። መንገዱ ወደ ሸለቆው ይወርድና ከማዶ እንደገና ይወጣል፤ በላዩ ነጭ የለበሰ ሰው እንደ ክር ተዘርግቷል።

«መጀመሪያ ቁልቁለት ነው» አለች። «ከዚያ ዳገት። ረጅም ዳገት ነው፣ አባባ።»

«ረጅም ነው?»

«በጣም ረጅም ነው።»

አያ ይስማው እጇን ጠበቅ አደረጉት። «እንግዲያው» አሉ፣ «ማሰሪያሽን አጥብቂና እንሂድ።»